የክንፍ ላይ ምስክር፦ ስለ ተዋጊ አውሮፕላን ሞዴሎች ዲካል የቀረበ ዲስኩር



ዛሬ የምናገረው ስለ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ነው። ስፋቷ ከመዳፍ ብዙም አይበልጥም፤ በላይዋ ክቦች፣ ኮከቦች፣ ፊደላትና ቁጥሮች ታትመውባታል። የአውሮፕላን ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች «ዲካል» ይሏታል። ትንሹ የፕላስቲክ አውሮፕላን ተገጣጥሞና ቀለም ተቀብቶ ካበቃ በኋላ የማን እንደነበረ፣ የት እንደበረረና በየትኛው ዓመት እንደተዋጋ የምትመሰክረው እሷ ናት።

አስቀድሜ አሠራሯን ላስረዳ። ወረቀቱ በውሃ የሚሟሟ ሙጫ ተቀብቷል፤ ከሙጫው በላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ሽፋን አለ፤ ቀለሙ የሚታተመው በዚህ ሽፋን ላይ ነው። ሠሪው የሚፈልገውን ምልክት ቆርጦ፣ በወረንጦ ይዞ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይነክረዋል። ሙጫው ሲለቅለት በብሩሽ ገፋ እያደረገ ክንፉ ላይ ያሳርፈዋል። እዚህ ላይ ችኮላ ያበላሻል። የክንፉ ቀለም የማያብረቀርቅ ዓይነት ከሆነ ሸካራው ገጽ ከሽፋኑ ሥር አየር ያስቀራል፤ አየሩም በምልክቱ ዙሪያ እንደ ብር ያብለጨልጫል። ስለዚህ ክንፉ አስቀድሞ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ይቀባል። በመጨረሻ ሽፋኑን የሚያለሰልስ ፈሳሽ ጠብ ሲደረግበት ምልክቱ በየመጋጠሚያው ሰርጎ ይገባና በእጅ የተሣለ ይመስላል። ዕድሜ ቢጫ ያደረገውን ዲካል ደግሞ መስኮት ላይ ለጥፈው ፀሐይ ያስመቱታል፤ ብዙ ጊዜ ይነጣል።

ምልክቶቹ ሲጀመሩ የታሰቡት ለጌጥ አልነበረም። ዓ.ም. ካላልኩ በቀር የምጠራቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1914 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ሰንደቅ ዓላማቸውን ክንፋቸው ላይ ሥለው ይበሩ ነበር። ከሩቅ ሲታይ ግን በመካከሉ ያለው መስቀል ከጀርመን መስቀል ጋር እየተምታታ የገዛ ወገናቸው ይተኩስባቸው ጀመር። ዓመቱ ሳያልቅ የፈረንሳዮችን ክብ ምልክት ወስደው የቀለማቱን ተራ ገለበጡት። አሜሪካውያንም በ1942 ከነጭ ኮከባቸው መካከል ቀዩን ክብ አወጡ፤ ከጃፓን ቀይ ፀሐይ ጋር እንዳይምታታ ነው። በ1943 አጋማሽ ከኮከቡ ግራና ቀኝ ነጭ አራት ማዕዘን ጨመሩና ዙሪያውን በቀይ ከበቡት፤ ቀዩ አሁንም ስላሰጋ ጥቂት ወራት ሳይቆይ በሰማያዊ ተተካ። እንግዲህ ቀይ ጠርዝ ያለውን ኮከብ የለጠፈ ሞዴል ሠሪ፣ አወቀም አላወቀም፣ አውሮፕላኑ ላይ ቀን ጽፎበታል።

ዲካል የሚያሳስትበትም ጊዜ አለ። በጁን 1944፣ የኖርማንዲ ወረራ ዋዜማ፣ የተባበሩት አገሮች አውሮፕላኖች በክንፋቸውና በጅራታቸው በኩል ጥቁርና ነጭ መስመር እንዲቀቡ ታዘዘ። በባለ አንድ ሞተር ተዋጊ ላይ የእያንዳንዱ መስመር ስፋት 46 ሳንቲሜትር ያህል ነበር፤ ከእውነተኛው 72 ጊዜ ባነሰ (1/72) ሞዴል ላይ ከ6 ሚሊሜትር ጥቂት ይበልጣል። ትእዛዙ በምስጢር ተይዞ ስለቆየ የምድር ሠራተኞቹ በጥድፊያ በብሩሽ ቀቡት፤ ብዙው መስመር ጠርዙ የተንጋደደ ነበር። የታተመው ዲካል ግን በማስመሪያ እንደተሰመረ ቀጥ ያለ ነው። እነዚህን መስመሮች በእጅ መቀባት ይሻላል ባይ ነኝ፤ የዚያ ሌሊት ጥድፊያ መታየት አለበት።

ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። የፊንላንድን ተዋጊዎች፣ ለምሳሌ ብሩስተርን ወይም ፊያት ጂ 50ን፣ የሚሠራ ሰው ዲካሉ ላይ በነጭ ክብ ውስጥ ሰማያዊ ስዋስቲካ ያገኛል። የማያውቅ ሰው የናዚ ምልክት ነው ብሎ ይደነግጣል። በጀርመን የናዚን ምልክት በአደባባይ ማሳየት በሕግ የተከለከለ በመሆኑ፣ ብዙ ጊዜ ከዲካሉ ላይ ስዋስቲካው ይቀራል ወይም ተቆራርጦ ይታተማል። ሕጉን አከብራለሁ፤ ምክንያቱ ከባድ ነው። የፊንላንዱ ምልክት ግን የተወለደው በማርች 1918፣ የናዚ ፓርቲ ስዋስቲካን ከመያዙ ሁለት ዓመት አስቀድሞ ነው። ኤሪክ ፎን ሮዘን የተባለ ስዊድናዊ ባላባት በፊንላንድ የእርስ በርስ ጦርነት «ነጮች» ለተባለው ጦር አንድ አውሮፕላን ሲሰጥ የራሱን የመልካም ዕድል ምልክት ክንፉ ላይ አሥሎ ነበር። የፊንላንድ አየር ኃይል ምልክቱን ተቀብሎ እስከ 1945 በአውሮፕላኖቹ ላይ ይዞት ቆየ። ይሁንና ሰውዬው ኋላ የናዚ ደጋፊ ሆነ፤ የሚስቱ እህትም ሄርማን ጎሪንግን አገባች። ስለዚህ ምልክቱ ንጹሕ ነው ብዬ አልሟገትም፤ ዕድሜው ግን በትክክል ይነገር እላለሁ።

የዚህ ሰው ልጅ ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ነው። በመካከላችሁ በዕድሜ የገፋችሁ ስሙን ታውቁታላችሁ። ጣሊያን ሲወረን መጥቶ ለስዊድን ቀይ መስቀል የአምቡላንስ አውሮፕላን አብርሯል። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች መልካ ዲዳ ላይ የስዊድንን ቀይ መስቀል የሕክምና ሰፈር በቦምብ ሲደበድቡ፣ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ምልክት በሽተኞቹን አላስጣላቸውም። ኋላም በፊንላንድ የክረምት ጦርነት በፈቃዱ ዘምቶ፣ አባቱ ያመጣው ምልክት ባለበት አውሮፕላን በረረ። ከዓለም ጦርነቱ በኋላ ቢሾፍቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል አደራጀ፤ ከስዊድን የተገዙት ሳብ 17 ቦምብ ጣዮችም መጡ። በሐምሌ 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ በሶማሊያ ጦር ጥቃት ሞተ።

ወደ ዲካሉ ልመለስ። ፊንላንዳዊው ተዋጊ አብራሪ ኢልማሪ ዩቲላይነን ያበረረው ብሩስተር፣ ቢ ደብሊው 364፣ ከነጅራት ቁጥሩ በዲካል ታትሞ በዓለም ዙሪያ ይለጠፋል። ይህ የሆነው ፎቶ ያስቀመጡ፣ ቀለሙን የመዘገቡ ሰዎች ስለነበሩ ነው። የእኛዎቹ ሳብ 17፣ ኋላም ጄቶቹ ሴበርና ኤፍ 5፣ እንዲሁ ቁጥርና አብራሪ ነበራቸው። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ደግሞ አረንጓዴውንና ቀዩን አንድ ዓይነት ግራጫ አድርጎ ያስቀራል፤ ቀለሙን የሚያውቀው ያየው ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ አባቱ፣ አጎቱ ወይም ጎረቤቱ በአየር ኃይሉ ያገለገለ ሁሉ ዛሬ ማታ አልበሙን ይክፈት። አውሮፕላን የሚታይበት ፎቶ ካለ በጀርባው ዓመቱን፣ ቦታውንና የሰዎቹን ስም በእርሳስ ይጻፍበት። ባለፎቶው በሕይወት ካሉ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ጠይቋቸው፦ ክንፉ ምን ቀለም ነበር? ቁጥሩስ የተጻፈው በምን ቀለም ነበር?