ከሆሳዕና እስከ ጎንደር፤ ጥንታዊ ከተሞችን ስንጎበኝ ያየነውና ያሰብነው

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



ልንናገር የመረጥነው ስለ ጉዞ ነው። በ2006 ዓ.ም. በጥር ወር፥ የዚህ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ሳለን፥ ከታሪክ መምህራችን ጋር በአውቶቡስ ከሆሳዕና ተነሥተን እስከ ጎንደርና እስከ ጎርጎራ ደርሰን ተመልሰናል። ዛሬ ያን መንገድ እንደዚያ ጊዜ ያለ ሐሳብ መጓዝ ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ ያየን ሰዎች ላላዩት መንገር ይገባናል። ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ወራቤንና ቡታጅራን አልፈን መጀመሪያ የቆምነው ጢያ ላይ ነው። በዚያ በሜዳ ላይ 36 ድንጋዮች ቆመው ይታያሉ፤ ከነዚህም 32ቱ የተቀረጸባቸው ናቸው። በብዙዎቹ ላይ የሰይፍ ምስል አለ። ሥፍራው በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። የአካባቢው ሰው ድንጋዮቹን «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል፤ ነገር ግን ከኢማም አሕመድ ዘመን በፊት የቆሙ ናቸው። መምህራችን በዚህ ጊዜ፥ «ልጆች፥ ያልተጻፈ ታሪክ ምን እንደሚሆን እዩ፤ ድንጋዩ በቦታው ሲቆም ስሙ ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል» አሉን። ያን ጊዜ ነገሩን እንደ ጨዋታ ሰማነው፤ ትርጉሙ የገባን ወደ ኋላ ነው።

በአዲስ አበባ አድረን፥ የዓባይን በረሃ ወርደንና ወጥተን፥ ደብረ ማርቆስንና ባሕር ዳርን አልፈን ጎንደር ገባን። ከተማዪቱን በ1636 የቆረቆሩት ዐፄ ፋሲል ናቸው፤ ከዚያም ከ200 ዓመት በላይ የነገሥታት መቀመጫ ሆና ኖራለች። የፋሲል ግቢ 900 ሜትር በሚያህል የድንጋይ ቅጥር የታጠረ ነው። የዐፄ ፋሲል ግንብ በአራቱ ማዕዘን ክብና ጉልላታም ሆኖ ሲታይ የተሠራው ለመኖሪያ ይሁን ለምሽግ ያጠራጥራል። የዐፄ ኢያሱ ቤት ግን ግድግዳው ቆሞ ጣራው የለም፤ በ1941 ኢጣልያኖች ጎንደር ላይ መሽገው ሳለ እንግሊዞች በጣሉት ቦምብ ተጎድቷል። በደብረ ብርሃን ሥላሴም ጣራው ላይ የተሳሉትን የመላእክት ፊቶች ቆጥረን፥ ሁላችንም የተለያየ ቁጥር ስላመጣን ሳንስማማ ወጣን።

በግቢው ውስጥ የመሩን ሰው በዕድሜ የገፉ ነበሩ። «ከየት መጣችሁ፥ ልጆቼ?» ሲሉ ጠየቁን። «ከሆሳዕና ነው፥ አባባ» አልናቸው። ሽማግሌውም ፈገግ ብለው፥ «እንግዲያማ የእቴጌ እሌኒ አገር ልጆች ናችሁ! እናንተማ ባለቤቶች ናችሁ እንጂ እንግዶች አይደላችሁም» አሉን። ከመካከላችን አንዲት የዱራሜ ልጅ፥ «እኔስ፥ አባባ? እኔ ከከምባታ ነኝ» ብትላቸው፥ «የጎረቤት ልጅ ከቤት ልጅ ይቆጠራል» ብለው ሁላችንንም አሳቁን።

ነገሩ ግን ለሣቅ ብቻ የተነገረ አይደለም። እቴጌ እሌኒ የሐዲያው ገዥ የገራድ መሐመድ ልጅ ነበሩ። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሚስት ሆነው ቤተ መንግሥት ገቡ፤ ከንጉሡም ዕረፍት በኋላ በተከታታይ በነገሡት ዘመን ምክራቸው የሚሰማ ታላቅ ሰው ሆነው ኖሩ። በ1508 ዐፄ ልብነ ድንግል በልጅነታቸው ሲነግሡ የመንግሥቱን ሥራ ከሚመሩት ዋነኛዋ እሳቸው ነበሩ። ማቴዎስ የተባለውን አርመናዊ መልእክተኛ አድርገው ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ላኩ፤ እርሱም በ1514 ሊዝበን ደረሰ። ለዚያ መልእክት መልስ ሆኖ የፖርቱጋል መልእክተኞች በ1520 አገራችን ገቡ። ከእነርሱ ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ስለ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የጻፈው መጽሐፍ በ1540 ታተመ። እነሆ፥ አውሮፓ ስለ አገራችን ያነበበው አንድ ትልቅ መጽሐፍ ሥሩ ሲፈለግ አንዲት የሐዲያ ሴት ልጅ ከላከችው ደብዳቤ ይገናኛል።

ከጎንደር ወደ ጎርጎራ ወርደን በጣና ዳር ያለውን ፍራሽ ባየን ጊዜ ይህ ሐሳብ ይበልጥ ጸናብን። በዚያ ለዐፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ያሠራው ፔድሮ ፓኤስ የሚባል የስፔን ሰው ነው። ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ በመንገድ ተይዞ በየመን አያሌ ዓመታት ታስሯል። ተስፋ ሳይቆርጥ በ1603 ገባ፤ በ1618 የዓባይን ምንጭ በዓይኑ አየ፤ በ1622 በጎርጎራ ሞተ። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት በመቀበላቸው ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በ1632 ዐፄ ፋሲል ሲነግሡ ኢየሱሳውያኑ ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። ጎንደርም የተቆረቆረችው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

የፓኤስ አገር ስፔን ዛሬ በጥንታዊ ከተሞቿ የታወቀች ናት። የቶሌዶን ጎዳና፥ በግራናዳ ያለውን የአልሃምብራን ቤተ መንግሥት ለማየት ከዓለም ዳርቻ ሰው ይጎርፋል። በኮርዶባ ዓረቦች የጀመሩት ታላቅ መስጊድ በ1236 ቤተ ክርስቲያን ሆኖ፥ ኋላም ካቴድራል በመካከሉ ተሠርቶበት፥ የሁለት ሃይማኖት ሰዎች የእጅ ሥራ በአንድ ጣራ ሥር ይታያል። የእሌኒ ሕይወትም እንዲሁ ነበረ፤ ከእስላም ቤት ተወልደው የክርስቲያን ንግሥት ሆነዋልና። ልዩነቱ ይህ ነው፤ የኮርዶባው በድንጋይ ስለ ቆመ ይጎበኛል፤ የእሌኒ የትውልድ አገር ግን ጎብኚው ቆሞ የሚያየው ግንብ የለውም። በጎጃም ያሠሩት መርጡለ ማርያም እንኳ ከመንገዳችን ርቆ ስለ ነበረ ሳናየው አለፍን።

ወደ አገራችን ስንመለስ አንዱ ጓደኛችን በአውቶቡስ ውስጥ፥ «የጎንደር ልጆች ሊጎበኙን ቢመጡ እኛ ምን እናሳያቸዋለን?» ሲል ጠየቀ። እስከ ቡታጅራ ድረስ ስንከራከር መጣን። አንዱ፥ «ግንብ ከሌለ ታሪክ የለም» አለ። ሌላው፥ «የከተማችን ስም ራሱ ታሪክ ነው፤ ዋቸሞ የተባለው ነባር ስሟ ሆሳዕና ለምን ሆነ? በዓሉ ስሙን ሲሰጥ እነማን ነበሩ?» ሲል መለሰ። የዱራሜዪቱም ልጅ፥ «የሀምበሪቾን ተራራ አሳያቸዋለሁ» አለች። ለዚህ ተራራ ከዚያ ወዲህ 777 ደረጃ ያለው መወጣጫ ተሠርቶለታል፤ ነገር ግን ደረጃውን የሚወጣ እንግዳ ከላይ ሲደርስ የተራራውን ታሪክ የሚነግረው ሰው ካላገኘ፥ ደክሞት ብቻ ይወርዳል።

ስለዚህ ከተመለስን በኋላ ደብተርና እስክሪብቶ ይዘን ወደ አምስት ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ሄድን። የትውልድ ቁጥራቸውን፥ የድሮው ሣር ቤት እንዴት እንደሚሠራ፥ እንሰት እንዴት እንደሚተከልና እንደሚፋቅ፥ የቀድሞው ገበያ የት ይቆም እንደ ነበረ ነገሩን። እኛም የሰማነውን በሁለት ደብተር ጻፍን። ዛሬ ከአምስቱ በሕይወት ያሉት ሁለት ብቻ ናቸው። የሦስቱ ድምፅ ከዚያ ደብተር በቀር በሌላ ቦታ አይገኝም። የጢያ ድንጋይ ለብዙ መቶ ዓመታት ዝናም ችሎ ቆሟል፤ ሰው ግን እንደ ድንጋይ አይቆምም።

ተማሪዎች ሆይ፤ ጥንታዊ ከተማን መጎብኘት ደግ ነገር ነው። ዕድል ስታገኙ ሂዱ፤ አክሱምን፥ ላሊበላን፥ ሐረርን፥ ጎንደርን እዩ። ነገር ግን ጉብኝት የሚጠቅመው የሰው አገር ያየ ዓይን ወደ ቤቱ ሲመለስ የራሱን ደጅ አጥርቶ ሲያይ ነው። እንግዲህ እያንዳንዳችሁ በዚህ ክረምት አንድ ሥራ ብቻ ሥሩልን። ከአያታችሁ እግር ሥር ተቀምጣችሁ፥ በሐዲይሳም ይሁን በከምባቲሳ ወይም በሌላ ቋንቋ፥ የሚነግሯችሁን በሚነግሯችሁ ቋንቋ ጻፉ፤ የተናጋሪውን ስም፥ ቦታውንና ቀኑን አትርሱ፤ ከዚያም ለትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ስጡ።

ወላጆች ሆይ፤ እናንተም ልጆቻችሁ ሲጠይቁ «ይህ ያለፈ ነገር ነው» ብላችሁ አታሰናብቷቸው። መምህራን ሆይ፤ ደብተሮቹ የሚቀመጡበት አንድ መደርደሪያ እንድትሰጡን በትሕትና እንለምናለን። እኛም ሁለቱን ደብተሮቻችንን ዛሬ በዚሁ መድረክ ለቤተ መጻሕፍቱ እናስረክባለን፤ ሦስተኛውን፥ አራተኛውንና መቶኛውን ከእናንተ እንጠብቃለን።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ያሳድግልን፤ ለአገራችንም ሰላም ይስጥልን።