«ለምን ጠጣሽ?» ከማለታችን በፊት

(በድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ዙሪያ ለሚገኙ አጥቢያዎች ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት በተዘጋጀ የምክክር ጉባኤ ላይ የቀረበ)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዛሬ የምናቀርበው ጉዳይ በዐውደ ምሕረት እምብዛም የማይነገር፣ ለንስሐ አባቶች ግን እንግዳ ያልሆነ ነው። ይኸውም መጠጥና ጫት ባለበት ስፍራ፣ በሚያውቋቸውና በሚያምኗቸው ሰዎች እጅ፣ በወጣት ሴቶች ላይ የሚፈጸመው የመድፈር ወንጀል ነው። ይህን የምንናገረው አባቶችን ለማስተማር ሳይሆን እንደ ልጅነታችን ለማሳሰብ ነው።

ድሬዳዋ ከባቡር ጋር የተወለደች፣ እንግዳ መቀበል ልማዷ የሆነ ከተማ ናት። ትናንት ባቡሩና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኛን ከየአቅጣጫው እንዳመጡ ሁሉ፣ ዛሬም የኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የተመረቀው ነፃ የንግድ ቀጣና፣ ዩኒቨርሲቲውና የግል ኮሌጆቹ ወጣቶችን ይስባሉ። ቀን እየሠሩ ማታ የሚማሩ እኅቶች አሉን። ሁለትና ሦስት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ፤ የእናት ዓይን፣ የጎረቤት ጥበቃ ከእነርሱ ርቋል። በዚህ ከተማ የሚያውቁት ሰው ማለት የክፍል ጓደኛ፣ የሥራ ባልደረባ፣ ወይም የአገር ልጅ ነው። ጥቃቱም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከማያውቁት መንገደኛ ሳይሆን ከዚሁ ከሚያውቁት ሰው ነው።

የከተማችንን ልማድ ሁላችን እናውቀዋለን። ከቀትር በኋላ በርጫ ይኖራል፤ ሲመሽ ምርቃናውን ለመስበር መጠጥ ይከተላል፤ ወጣቶቹም «ጨብሲ» ይሉታል። ጫቱ የመጠጡን ድካም ስለሚሸፍን ሰው የሰከረ ሳይመስለው አብዝቶ ይጠጣል። መጠጥ ሲበዛ ደግሞ አእምሮ የሚሆነውን መመዝገብ ያቆማል፤ ሰው ዓይኑ ተከፍቶ፣ አንደበቱ እየተናገረ ሳለ እንኳ በማግሥቱ ምንም ላያስታውስ ይችላል። ስለዚህ አንዲት ልጅ «አላስታውስም» ብትል፣ ወይም በድንጋጤ ደንዝዛ ሳትጮህ ብትቀር፣ ዋሸች ወይም ፈቀደች አያሰኛትም።

ከሁለት ዓመት በፊት ያጋጠመንን እንናገር፤ የምንናገረው ሌላውን ለመክሰስ ሳይሆን እኛም በጥፋቱ ውስጥ ስለነበርን ነው። ቀን እየሠራች ማታ ኮሌጅ የምትማር አንዲት እኅት፣ ፈተና ማለቁን ምክንያት በማድረግ የክፍል ጓደኞቿ ባዘጋጁት ግብዣ ላይ ተገኘች። የጋበዛት ልጅ ደብተሩን የሚያውሳት፣ ሲመሽ እስከ ቤቷ የሚሸኛት ነበር። ለስላሳ ነው ብላ በያዘችው ብርጭቆ ውስጥ አረቄ ተጨምሮበት ኖሮ፣ ጥቂት ቆይታ ራሷን መቆጣጠር አቃታት። «አረፍ ትበል» ብሎ ወደ መኝታ ክፍል ያስገባት እርሱው ነው። የሆነባትን ያወቀችው ሲነጋ፣ ከሰውነቷ ሕመም ነው።

በአራተኛው ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን መጣች። እኛም የተቀበልናት «ምን ሆንሽ?» ብለን ሳይሆን «እዚያ ምን ወሰደሽ? ለምን ጠጣሽ?» ብለን ነበር። የልጁ ወላጆች የአጥቢያው ሰዎች ስለነበሩ ሽማግሌ ተቀመጠ፤ እኛም አብረን ተቀመጥን። ልጁ ጉልበት ስሞ ይቅርታ ጠየቀ፤ ቤተሰቡም ለሕክምና በሚል ጥቂት ብር ሰጠ። ሰላም አወረድን ብለን ጸሎት አድርገን ተለያየን። ከወር በኋላ እኅታችን ትምህርቷን አቋርጣ ወደ ቤተሰቧ ተመለሰች፤ ልጁ ግን ትምህርቱን ቀጠለ። ያን ቀን ማንን ከማን ጋር እንዳስታረቅን ዛሬም ራሳችንን እንጠይቃለን።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልእ ምዕራፍ 13 ላይ የትዕማር ታሪክ ተጽፏል። አምኖን ለትዕማር ባዕድ አልነበረም፤ የአባቷ ልጅ ነው። ክፉውን ምክር የሰጠው ወዳጁና ዘመዱ ኢዮናዳብ ነበር። ትዕማር ወደ ቤቱ የሄደችው የታመመ ወንድሟን ልትመግብ ነው፤ ጥቃቱ የገባው በአመኔታ በር ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውንም እናስተውል። አቤሴሎም እኅቱን ዝም እንድትል መከራት፤ ንጉሥ ዳዊት ተቆጣ፣ ነገር ግን ፍርድ አልሰጠም። ከሁለት ዓመት በኋላ አምኖን በግብዣ መካከል ልቡ በወይን ጠጅ ደስ ባለው ጊዜ ተገደለ፤ የዳዊትም ቤት ታወከ። በዝምታ የተሸፈነው በደል አልጠፋም፤ ቆይቶ ቤቱን ሁሉ አፈረሰ።

ሕገ ኦሪትም በዘዳግም ምዕራፍ 22 በሜዳ ለተያዘችውና የሚያድናት ላጣችው ልጅ ምንም ቅጣት አላዘዘባትም፤ የተፈጸመባትንም ከነፍስ ግድያ ጋር አመሳስሎታል። ራሷን ስታ የወደቀች ልጅስ የሚያድናት ካጣችው በምን ትለያለች? ንስሐ ለሠራነው ኃጢአት ነው፤ ሌላው በእኛ ላይ ለሠራው ኃጢአት ቀኖና አንቀበልም። መጠጥን በተመለከተ የሚሰጥ ምክር ካለ ጊዜው ሌላ ነው፤ ቁስሏ በሚደማበት ሰዓት ግን ምክሩ ድንጋይ ይሆንባታል።

የሀገራችን ሕግም ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል። አንቀጽ 623 ደግሞ ኃይል ባይጠቀም እንኳ፣ ራሷን ያላወቀችን ወይም የሚሆነውን ለመረዳት የማትችልን ሰው ሁኔታዋን እያወቀ የሚደፍረውን ይቀጣል። እንግዲህ የእርሷ መስከር ለእርሱ ማምለጫ ሳይሆን ጥፋቱን የሚያሳይ ነው። ነገሩ ወንጀል እንጂ የሁለት ቤተሰቦች ጠብ ስላልሆነ በጉልበት መሳምና በካሳ ሊዘጋ አይገባውም። የአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ድንጋጌም ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ይከለክላል፤ ብዙዎቹ የኮሌጅ ተማሪዎች ከዚህ ዕድሜ በታች ናቸው።

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው ሀገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነ ሴቶች መካከል 10 በመቶው ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው አሳይቷል። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው መካከል ርዳታ የጠየቁት ከአራት አንዷ እንኳ አይሞሉም። ሌሎቹ ለምን ዝም አሉ ብለን ስንጠይቅ፣ «ለምን ጠጣሽ?» የሚለው ጥያቄያችን ከመልሶቹ አንዱ እንደሆነ መርሳት የለብንም።

ስለዚህ ለአጥቢያዎቻችን አራት ነገሮችን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ የመጀመሪያው ቃላችን ይለወጥ። «እንኳን መጣሽ፤ ጥፋቱ የአንቺ አይደለም፤ አሁን ምን ያስፈልግሻል?» እንበላት። ታሪኩን ደጋግመን አናስተርካት፤ ለሌላ ሰውም አናውራባት።

ሁለተኛ፣ ከምክር በፊት ሕክምና ይቅደም። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በፈጠነ መጠንም ይጠቅማል። ከተቻለ ሰውነቷን ሳትታጠብ፣ የለበሰችውን ልብስ ሳታጥብ በወረቀት ከረጢት ይዛ ትሂድ፤ ማስረጃ ነውና። በከተማችን ድል ጮራ ሪፈራል ሆስፒታል አለ፤ ብቻዋን እንዳትሄድ የምታምናት እናት ወይም እኅት ከሰበካው ትመደብላት። ያች እኅት ወደ እኛ የመጣችው በአራተኛው ቀን ነበር። ሰዓቱ ቢያልፍም ሐኪም ሊረዳት የሚችለው ብዙ ነገር ነበር፤ እኛ ግን ከነጭራሹ አልላክናትም።

ሦስተኛ፣ በመድፈር ወንጀል ሽምግልና አንቀመጥ። የንስሐ አባት የሰማውን ምሥጢር እንደሚጠብቅ የታወቀ ነው፤ ይሁን እንጂ ልጅቱ ስትፈቅድ እስከ ሐኪምና እስከ ፖሊስ ሊያደርሳት ይችላል። ጥፋተኛው ንስሐ ልግባ ቢል በሩ አይዘጋበትም፤ ነገር ግን እውነተኛ ንስሐ ከሕግ ፊት መሸሸጊያ አይሆንም።

አራተኛ፣ ትምህርታችን ወደ ወንዶች ልጆቻችን ይዙር። «አትጠጪ፣ አታምሺ» ስንል ኖረናል፤ «የሰከረችን እኅትህን አትንካ፣ ጓደኛህ ሲነካት ዝም አትበል» ግን ስንቴ ብለናል? ኢዮናዳብ በአምኖን ፋንታ ለትዕማር ቢያስብ ኖሮ ታሪኩ ሌላ በሆነ ነበር። በሰንበት ትምህርት ቤት፣ በግቢ ጉባኤ፣ ወጣቶች ተሰብስበው ወደ ቁልቢ ገብርኤል ለመሄድ በሚዘጋጁበት ጊዜም ይህ ይነገር። በየማኅበሩና በየድግሱ «ጠጪ እንጂ» እያልን እንግዳን የምናስጨንቅበትን ልማድም እኛው ጀምረን እንተወው።

እነዚህ እኅቶች ቤተሰባቸውን ትተው ወደ ከተማችን ሲመጡ እናታቸው «ቤተ ክርስቲያን አትራቂ» ብላ መርቃ ሸኝታቸዋለች። ያች እናት ልጇን ለእኛ አደራ ሰጥታለች ማለት ነው። አንዱን አደራ እንደሚገባ አልጠበቅንም። የሚቀጥለው በራችንን ሲያንኳኳ ግን በተዘጋጀ ቃልና በተከፈተ በር እንድንገኝ፣ የአባቶቻችን ጸሎትና የእግዚአብሔር ቸርነት ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።