በአንድ መስፈሪያ የሚፈርድ ሰው

 

ጌዴኦ ጠብ ሲነሣ ነገሩን ወደ ሶንጎ፣ ወደ ሽማግሌዎቹ ሸንጎ ይወስዳል። ሶንጎ ላይ የሚቀመጥ ሽማግሌ ፍርዱን ከቤቱ ቋጥሮ አይመጣም። ከሳሽ ተናግሮ እስኪጨርስ ይሰማል፤ ተከሳሽ በተራው ይናገራል፤ ያየ ይመሰክራል፤ ነገሩ ካልጠራ ሌላ ቀን ይቀጠራል። ብዙ የዚህ አገር ልጅ ይህን በልጅነቱ ከዳር ቆሞ አይቷል። ከዛሬ ወዲያ ግን የወርቃ ተመራቂ ከዳር አይቆምም። አንዱ ጤና ጣቢያ ካርድ ያወጣል፤ አንዷ ቀበሌ ገብታ መታወቂያ ትሰጣለች፤ ሌላው ክፍል ውስጥ ማርክ ይሞላል፤ ሌላዋ የገበሬውን ቡና ሚዛን ላይ አስቀምጣ ኪሎውን ታነባለች። ስሙ ዳኝነት አይባል እንጂ ሥራው ዳኝነት ነው።

ከተመራቂዎቹ ብዙው ክርስቲያን ስለሆነ ጥያቄው ቀላል አይደለም። የሚያምን ሰው፣ እንደ እርሱ የማያምን ሰው ጉዳይ ይዞ ፊቱ ሲቆም እንዴት ይፈርዳል?

መልሱን ከጌዴኦ ታሪክ መጀመር ይቻላል። ኤስ አይ ኤም ከተባለው የወንጌል ድርጅት የመጡት ሚሲዮናውያን አልበርት ብራንትና ግሌን ኬን ዲላ አካባቢ የደረሱት በ1941 ዓ.ም. ነው። ዛሬ የጌዴኦ ዞን ሕዝብ በአብዛኛው ወንጌላዊ ነው። በዚያ ዘመን ግን ወንጌላውያን በኢትዮጵያ ጥቂት ነበሩ፤ ጥቂት የሚደርስበትም ደረሰባቸው። በ1959 ዓ.ም. የሙሉ ወንጌል አማኞች ሕጋዊ ምዝገባ ጠይቀው ተከለከሉ። ነሐሴ 1964 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ለጸሎት እንደተሰበሰቡ 250 ያህሉ ተይዘው ታሰሩ። በየከተማው ጎረቤት የሸሻቸው፣ እድር የዘጋባቸው፣ ለሬሳቸው መቅበሪያ ያጡ ቤተሰቦች ነበሩ። ደርግ ሲመጣ ደግሞ በደቡብ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ታሸጉ። ይህን ያሳለፉ ሽማግሌዎች አሁንም በሕይወት አሉ።

እንግዲህ ትናንት በጥቂትነቱ የተገፋ ወገን ዛሬ ብዙ ሆኗል። ዲላ የሚነግደው ሙስሊም፣ በታቦት ንግሥ ነጠላውን ለብሶ የሚወጣው ኦርቶዶክስ፣ በዳራሮ የምስጋና በዓል ማጌኖን፣ ፈጣሪን፣ የሚያመሰግነው አዛውንት ጉዳያቸውን ይዘው የሚቀርቡት ለእርሱ ነው። ስለ ጉድፉና ስለ ምሰሶው የሚናገረው የወንጌል ምሳሌ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ምሳሌው ክርስቲያን እንዳይዳኝ አይከለክልም፤ የራሱን ዓይን መጀመሪያ እንዲያጠራ ያዘዋል፤ በሚሰፍርበትም መስፈሪያ እንደሚሰፈርበት ያስጠነቅቀዋል። መቻቻል የሚባለውም ከዚህ ሌላ ሊሆን አይችልም። ልክና ስሕተት የለም ማለት መቻቻል አይደለም፤ ስንፍና ነው።

በዚህ ነገር ቄስ ጉዲና ቱምሳን የሚያህል ምስክር ማግኘት ይከብዳል። የወለጋ ልጅ ናቸው፤ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። አብዮቱ ሲፈነዳ የድሃው ጥያቄ እውነተኛ መሆኑን አልካዱም፤ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት አፍ ለማድረግ ሲፈለግ ግን እምቢ አሉ። ኦርቶዶክሱን፣ ካቶሊኩንና ወንጌላዊውን በአንድ ጉባኤ ለማገናኘትም ደከሙ። ደጋግመው ታሰሩ። የታንዛኒያው መሪ ጁሊየስ ኔሬሬ ከአገር የሚወጡበትን መንገድ ቢያመቻቹላቸውም መንጋዬን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ከአገልግሎት ሲወጡ ተወሰዱ፤ ተገደሉም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ታስረው ተንገላቱ።

የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወርደው ታስረው ነበር። እርሳቸውም የተገደሉት በዚያው ክረምት ነው። የሁለቱም ዐፅም የተገኘው መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው፤ የፓትርያርኩ በጎፋ ገብርኤል ዐረፈ። ስለ ቅዳሴና ስለ ጥምቀት በብዙ የሚለያዩ ሁለት ቤተ ክርስቲያናት መሪዎቻቸውን በአንድ ክረምት፣ በአንድ እጅ አጥተዋል። ይህን ያወቀ ወጣት የጎረቤቱን እምነት ለማቃለል አፉን ሲከፍት ጥቂት ቢያመነታ ደግ ነው።

ከዚህ በላይ የሚያምም ነገር አለ፤ ሳይነሣ ቢቀር እውነትን መሸሽ ይሆናል። በ2010 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ ከዚያም ሰኔ ላይ በጌዴኦና በጎረቤቱ በጉጂ መካከል ደም ፈሰሰ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተፈናቀለ፤ በዚያ ዓመት ኢትዮጵያ በግጭት ሳቢያ በአዲስ በተፈናቀለ ሰው ብዛት ከዓለም አንደኛ ሆነች። የጌዴኦዋ የገደብ ከተማ በተፈናቃይ ተሞላች። ትምህርት ቤቱ፣ አዳራሹ፣ ቤተ ክርስቲያኑ መኝታ ሆነ። ተፈናቃዩን ያሳደሩ፣ ካላቸው ቆንጥረው ያበሉ ምእመናን ነበሩ፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ይሁንና በሁለቱም ወገን መካነ ኢየሱስና ቃለ ሕይወት አሉ። በሁለቱም ወገን እሑድ እሑድ ይዘመራል። መዝሙሩ እሳቱን አላቆመውም። ስለ ቤቱ መቃጠል የሚፈርድ፣ ስለ መሬቱ ካሳ የሚወስን፣ የእርዳታ ስንዴ የሚያከፋፍል ሰው ሁሉ በአንድ ሰው ስምና ቋንቋ ብቻ ወገኑን ሊለይ ይፈተናል። ክርስትናው የሚታየው ያኔ ነው።

ሁለቱ ሕዝቦች ግን ደም የሚያደርቁበት ጎንዶሮ የሚባል የቆየ የእርቅ ሥርዓት አላቸው። ሥርዓቱ የገዳ አባቶችና የሽማግሌዎች ነው፤ ብዙ አማኝ ከእምነቱ ጋር አይስማማም ብሎ ይሸሸዋል። መሸሽ መብቱ ነው። ነገር ግን በእርድና በምርቃቱ ባይካፈልም፣ በእርቁ መካፈል፣ የገደለ እንዲናዘዝና የተበደለ እንዲካስ መርዳት ይችላል።

አባቶች ያከበሩት ዛፍም ነገር እንደዚሁ ነው። የጌዴኦ መልክዓ ምድር መስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲገባ፣ የተከበሩት ደኖችና እንደ ቱቱ ፈላና ጨልባ ቱቲቲ ያሉት ትክል ድንጋዮች አብረው ተቆጥረዋል። ከነዚህ ደኖች አንዳንዱ የተመናመነው የአባቶች እምነት ነው በሚል ሰበብ ነው። በዛፉ ሥር የማይጸልይ ሰው ዛፉን መቁረጥ የለበትም። ማጌኖ የሚለውን ስም ከአባቶቹ ተቀብሎ የሚጸልይ ክርስቲያን፣ የአባቶቹን ጥላ የመጠበቅ ዕዳም አለበት።

ሕጉም ከዚህ አይርቅም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል፤ በአንቀጽ 27 የእያንዳንዱን ሰው እምነት ይጠብቃል። እነዚህ አንቀጾች የሚሠሩትም የማይሠሩትም ወርቃ ላይ፣ በአንድ ጠረጴዛ ወዲያና ወዲህ ነው።

ውድ ተመራቂዎች፣ ሥራ በጀመራችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ከእናንተ ጉባኤ ያልሆነ፣ ምናልባትም አማርኛውን በቅጡ የማይናገር ሰው ይመጣል። ወንበር ስጡት፤ ነገሩን እስኪጨርስ ስሙት፤ ስሙን በመጣበት ተራ ጻፉለት።