ሰሊጡና የጉንዳኑ ቀዳዳ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ቻይናውያን ሰፊ ሐሳብን በጥቂት ቃላት፣ አብዛኛውን ጊዜም በአራት ፊደል ብቻ፣ ቋጥሮ የመናገር ጥንታዊ ልማድ አላቸው። ቼንግዩ ከሚባሉት ከእነዚህ ፈሊጦችና ከሕዝቡ የዘወትር ምሳሌዎች መካከል ከባዱን ጉዳይ ከቀላሉ ስለ መለየት የሚናገሩት ብዙዎች ሲሆኑ፣ ለመሐንዲስ ሙያ የሚሰጡት ትምህርት ቀላል አይደለም።

ጥቃቅኑን ሲያሳድድ ዋናው ላመለጠው ሰው «ሰሊጥ ለቅሞ ሐብሐብ ጣለ» ይባላል። በአማርኛ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው የዚሁ የቅርብ ዘመድ ነው። «ሣጥኑን ገዝቶ ዕንቁውን መለሰ» የሚለው ፈሊጥም ከዚሁ ወገን ነው። ታሪኩ የሚገኘው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ233 ዓመት በሞተው በፈላስፋው በሃን ፌይ መጽሐፍ ውስጥ ነው። የቹ አገር ሰው ዕንቁውን ለመሸጥ ሽቶ፣ መዓዛ ካለው እንጨት ያማረ ሣጥን አበጀለት፤ የዤንግ አገር ሰው ግን በሣጥኑ ውበት ተማርኮ ሣጥኑን ገዛና ዕንቁውን መለሰለት። በሚያምር ጥራዝ የተጠረዘ፣ ስሌቱ ግን ያልተመረመረ ዘገባ ባጋጠመ ቁጥር ይህ ገበያተኛ ሊታወስ ይገባል።

እነዚህ ፈሊጦች ትንሹን ተውት የሚሉ ይመስላሉ። ሆኖም ታላቅ ግድብ በጉንዳን ቀዳዳ ይፈርሳል የሚለው ብሂል መነሻም ያው ሃን ፌይ ነው። የአፈር ግድብ የሠራ ሰው ይህን እንደ ተረት አይሰማውም። በጠባብ መንገድ ሾልኮ የሚወጣ ውኃ ከመውጫው በኩል አፈሩን ቅንጣት በቅንጣት ይሸረሽራል፤ ቀዳዳውም ወደ ኋላ፣ ወደ ሐይቁ እየረዘመ በሄደ መጠን የውኃው ፍጥነት ይጨምራል። በአሜሪካ፣ በአይዳሆ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሰኔ 5 ቀን 1976 ጧት በቴተን ግድብ ላይ የታየው ፍሳሽ ቀትር ሳይሆን ግድቡን ንዶታል።

ታዲያ ፈሊጦቹ እርስ በርሳቸው ይቃረናሉን? አይቃረኑም። የጉዳይ ክብደት የሚለካው በመጠኑ ሳይሆን በእርሱ ላይ በተንጠለጠለው ነገር ነውና። ሰሊጡ ቢጠፋ የሚጠፋው ሰሊጥ ብቻ ነው፤ የጉንዳኑ ቀዳዳ ችላ ቢባል ግን የሚጠፋው ግድቡና ከግርጌው የሚኖረው ሕዝብ ነው።

ከሁሉም በላይ ልብ የሚነካው ግን «ጭስ ማውጫውን ማጉበጥ፣ ማገዶውን ማራቅ» የሚለው ፈሊጥ ነው። አንድ እንግዳ የምድጃው ጭስ ማውጫ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ማገዶውም ከአጠገቡ የተከመረ መሆኑን ተመልክቶ እሳት እንዳይነሣ ባለቤቱን መከረ። ባለቤቱም ምክሩን ችላ አለው። ጥቂት ቆይቶ እሳት ተነሣ፤ ጎረቤቶችም ተረባርበው አጠፉት። ባለቤቱ በሬ አርዶ ግብር ሲያበላ በእሳቱ የተለበለቡት በክብር ወንበር ተቀመጡ፤ መካሪው ግን አልተጠራም። በኋላ ሌላ ሰው ነገሩን ባስገነዘበው ጊዜ ነው ባለቤቱ መካሪውን ያስጠራው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚል ብሂል ያለው ሕዝብ የዚህን ትርጉም አይስተውም።

ይህ ነገር በዚያው በቻይና በዘመናችን ተደግሟል። የውኃ ሊቁ ቼን ሺንግ በ1950ዎቹ በሄናን ክፍለ ሀገር ከሚሠሩት ግድቦች ለአንዱ 12 የውኃ መልቀቂያ በሮች እንዲደረጉለት ሐሳብ ቢያቀርብ፣ ጥንቃቄው ከልክ ያለፈ ነው ተብሎ በሮቹ ወደ 5 ዝቅ ተደረጉ፤ እርሱም ከሥራው ተገለለ። በነሐሴ 1975 አውሎ ነፋስ ያመጣው ዝናም በአንዳንድ ስፍራ በ3 ቀን ውስጥ ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ ሲዘንም፣ በዚያው ክፍለ ሀገር የሚገኘው የባንቺያው ግድብና ሌሎች ብዙ ግድቦች ተደረመሱ። በመንግሥት አኃዝ እንኳ ከ20000 በላይ ሰዎች አለቁ። ከዚህ በኋላ ቼን ሺንግ እንደገና ወደ ሥራው ተጠራ።

የአንድ በር ዋጋ በበጀት መዝገብ ላይ ሰሊጥ ይመስላል። ጎርፉ በመጣ ቀን ግን በሩ ግድቡን ራሱን ያክላል። ስለዚህ የሙያ ማኅበር ከሚሰጠው ክብር የመጀመሪያውን ድርሻ ማግኘት የሚገባው እሳቱን ያጠፋው ብቻ ሳይሆን፣ ምክሩ ተሰምቶለት እሳቱ ሳይነሣ የቀረለት፣ በዚህም ምክንያት ማንም የማያስታውሰው ባለሙያ ነው።