የድንጋይ ክምር ወይስ መቃብር?



ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ዳር ለቤት መሠረት የተራገፈ ድንጋይ ቢታይ ቆሞ የሚጠይቅ አላፊ አግዳሚ የለም፤ ድንጋይ ለሥራ ነውና። በገጠር ግን ክምር የመሰለው ሁሉ ክምር አይደለም።

በመንዝና በአካባቢው ደጋ በድንጋይና በአፈር የተቆለሉ ጉብታዎች ይገኛሉ። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች አንዳንዶቹን ቆፍረው ቢመረምሩ፥ ከ10ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዓመት በዚያ የኖሩ፥ ክርስቲያንም እስላምም ያልነበሩ ታላላቅ ሰዎች መቃብር ሆነው ተገኙ። ሥልጣኔውንም በዚያው አገር ወንዝ ስም «የሻይ ባህል» አሉት፤ ከሚጠጣው ሻይ ጋራ ዝምድና የለውም። በውስጡ የሸክላ ዕቃና ከባሕር ማዶ የመጣ የብርጭቆ ዶቃ ነበረ። እነዚህ ሰዎች ዜና መዋዕል አልተጻፈላቸውም፤ መጽሐፋቸው ጉብታው ነው።

ይህም መጽሐፍ የሚነበበው በሥርዓት ሲገለጥ ብቻ ነው። መርማሪው ዶቃው ከየትኛው አጥንት አጠገብ እንደ ነበረ፥ ማን ቀድሞ ማን ተከትሎ እንደ ተቀበረ ይመዘግባል። በአካፋ ዝቆ ያወጣው ሰው ግን ዶቃውን ይይዛል እንጂ ታሪኩን ያጠፋዋል።

በአየርላንድ ኒውግሬንጅ የሚባል፥ በኋለኛው የድንጋይ ዘመን፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3200 ዓመት ገደማ የተሠራ፥ ከጊዛ ፒራሚዶች የሚቀድም የመቃብር ጉብታ አለ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1699 ባለርስቱ ድንጋይ ፈልጎ ሠራተኞች ቢያሰማራ የመቃብሩ በር ተገለጠ። በ1967 ደግሞ ፕሮፌሰር ኦኬሊ፥ ሌሊቱ እጅግ በሚረዝምበት በታኅሣሥ ወር፥ የማለዳ ፀሐይ ከበሩ በላይ ባለው ቀዳዳ ገብታ የውስጡን ክፍል ስታበራ በዓይናቸው አዩ። ድንጋዩ ሁሉ ለአጥር ተግዞ ቢሆን ኖሮ ይህን ማን ያውቅ ነበር?

በእኛም አገር በሶዶ የሚገኘው የጥያ መካነ መቃብር ከነትክል ድንጋዮቹ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ያልተመዘገበው ግን ይበዛል። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ለመንገድ፥ ለሕንፃ ወይም ለማዕድን ሥራ ሲቆፈር ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ እንዲያስታውቅና ያገኘውን እንዳለ እንዲጠብቅ ያዝዛል። ይህ ትእዛዝ ለባላገሩ ብቻ የወጣ የሚመስለው ሰው አይጠፋም፤ ዳሩ ግን የመንገዱን ፕላን የሚነድፈውና የሚፈርመው ብዙውን ጊዜ ከተማ ተቀምጦ ነው። ካርታው ላይ አንዲት ጉብታ ብትታየው፥ ዶዘሩ ከመነሣቱ በፊት ወደ ወረዳው የባህል ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ይጻፍ፤ የአገሩም ሽማግሌዎች ስለ ስፍራው ይጠየቁ። መስመሩን ጥቂት ክንድ ፈቀቅ ማድረግ ከተቻለ መንገዱም ይሠራል፥ መቃብሩም ይቆያል።