ዝቅ ብሎ መምራት
በደብሩ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በጸሎተ ሐሙስ ዕለት ውኃ ቀርቦ ይጸለይበታል፤ ከዚያም ካህኑ ዝቅ ብሎ በወይራና በወይን ቅጠል የምእመናንን እግር ያጥባል። ዕለቱ ከሚጠራባቸው ስሞች አንዱም ሕጽበተ እግር ነው። ዓመቱን ሙሉ ምእመናን ጎንበስ ብለው መስቀሉን የሚሳለሙት ካህን በዚያች ዕለት ከእግራቸው ሥር ይገኛል። ሥርዓቱ የዓመቱ አገልግሎት ሁሉ በምን መንፈስ ሊፈጸም እንደሚገባው ያስተምራል።

መሠረቱ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ተጽፏል። ጌታችን ከእራት ተነሥቶ፣ ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጠበ። በዚያ ዘመን የእንግዳን እግር ማጠብ የቤት አገልጋይ ሥራ ነበር። ወንጌላዊው ግን ይህን ከመተረኩ አስቀድሞ፣ አብ ሁሉን በእጁ እንደ ሰጠው ጌታ ያውቅ እንደ ነበር ይመሰክራል። ጌታ ዝቅ ያለው ሥልጣኑን እያወቀ ነው። ስለዚህ ትሕትናን ራስን ከመናቅ ጋር ማምታታት አይገባም። ትሑት ሰው የተሰጠውን ጸጋ ያውቃል፤ የተሰጠው ለሌሎች ጥቅም መሆኑንም አይዘነጋም።

በዚያ ማዕድ የሁለት ሰዎች ነገር ለአገልጋዮች ታላቅ ትምህርት አለው። አንደኛው ቅዱስ ጴጥሮስ ነው። እግሩን እንዳይታጠብ እምቢ ባለ ጊዜ ነገሩ ትሕትና ይመስል ነበር፤ ጌታ ግን ካላጠበው ከእርሱ ጋር ዕድል እንደማይኖረው ነገረው። ሌላውን ለማገልገል የሚፋጠን፣ ሌላው ሲረዳው፣ ሲመክረውና ሲያርመው ግን የሚከፋው አገልጋይ ከዚህ ይማራል። ራስን «ደካማው አገልጋይ» ብሎ መጥራት ቀላል ነው፤ ያንኑ ድካም ወንድም ሲያመለክት ሳይቆጡ መስማት ግን ይከብዳል። ቅዱስ ጴጥሮስ በኋላ በመጀመሪያይቱ መልእክቱ ምዕራፍ 5፣ ሽማግሌዎች መንጋውን በኃይል ሳይገዙ ምሳሌ ሆነው እንዲጠብቁ መከረ። ጌታው እግሩን ያጠበለት ሰው የሰጠው ምክር ነው።

ሁለተኛው ይሁዳ ነው። በወንጌሉ የትረካ ቅደም ተከተል ይሁዳ ከማዕዱ የወጣው ከሕጽበተ እግሩ በኋላ ነው። ጌታ አሳልፎ እንደሚሰጠው እያወቀ እግሩን አጠበው። እንግዲህ መሪ የሚያገለግለው የሚደግፉትን ብቻ ሊሆን አይችልም። በስብሰባ ላይ አጥብቆ የተቃወመው ሰው ልጁን ክርስትና ሲያስነሣ አብሮ ደስ ይለዋል፤ ሐዘን ሲደርስበትም ቀድሞ ይደርስለታል።

ይህ ትምህርት በሐዋርያት ዘመን በተግባር ተፈትኗል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደ ተጻፈው፣ ግሪክኛ የሚናገሩ ምእመናን መበለቶቻቸው በዕለታዊው የምግብ እደላ ችላ በመባላቸው አጉረመረሙ። ሐዋርያት ቅሬታ ያቀረቡትን አልገሠጹም። ሕዝቡን ጠርተው፣ በመልካም የተመሰከረላቸውን ሰባት ሰዎች ራሱ እንዲመርጥ አደረጉ። የተመረጡት የእስጢፋኖስ፣ የፊልጶስና የጓደኞቻቸው ስሞች ሁሉም የግሪክ ስሞች ናቸው፤ ኀላፊነቱ ለቅሬታ አቅራቢዎቹ ወገን የተሰጠ ይመስላል። ዲያቆን የሚለው ቃልም በግሪክኛ አገልጋይ ማለት ነው። ለማዕድ አገልግሎት የተመረጠው እስጢፋኖስ ሊቀ ዲያቆናትና ቀዳሜ ሰማዕት ሆነ።

በባዕድ አገር ለምትኖር አጥቢያ ይህ ምዕራፍ የቅርብ ታሪኳ ነው። በእርሷም ውስጥ ቋንቋቸው የተለያየ ወገኖች አሉ። ወላጆች በአማርኛ ይጸልያሉ፤ ልጆች ስብከቱን ከሚሰሙት ይልቅ የትምህርት ቤታቸውን ቋንቋ ይረዳሉ። የልጅ ልጅ ለማሳደግ የመጡ እናት የሚወስዳቸው ካላገኙ ከቤት ይውላሉ። ሌሊት ሠርቶ በቅዳሴ ሰዓት የሚደርስ፣ ከአገር ገና የመጣና ማንንም የማያውቅ ወጣትም አለ። መሪ ሊጠይቀው የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ «በእደላው የተረሳው ማን ነው?» የሚለው ነው። የተረሱት ሲገኙም፣ እንደ ሰባቱ ዲያቆናት፣ ከኀላፊነቱ ድርሻ ሊሰጣቸው ይገባል። ወንበር እንዲያነሣ ብቻ የሚጠራ ወጣት ራሱን እንደ እንግዳ ይቈጥራል፤ ምክሩ የሚሰማለት ግን ቤተ ክርስቲያኑን ቤቴ ይላል።

ትሕትና በመጨረሻ የሚፈተነው ወንበርን በመልቀቅ ነው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም የነገሠው ቅዱስ ካሌብ፣ ስለ ናግራን ክርስቲያኖች ባሕር ተሻግሮ ዘምቶ ድል ካደረገ በኋላ፣ የቤተ ክርስቲያን ትውፊት እንደሚያስረዳው ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም ልኮ ገዳም ገባ። የአገልግሎት ዘመኑን የፈጸመ የሰበካ ጉባኤ አባልም ቁልፉን፣ ሒሳቡንና መዝገቡን አሟልቶ አስረክቦ፣ ተተኪውን ሳያማ ከምእመናን ጋር ቆሞ ቢያስቀድስ የዚህ ንጉሥ ልጅ ነው።

ይህ ካልሆነ ጉዳቱ ከባድ ነው። መሪዎች ተጣልተው አጥቢያ ሲከፈል ዐዋቂው ወደ ሌላ ደብር ይሄዳል። ጠቡን ሲያይ ያደገው ልጅ ግን ወደ የትኛውም ላይሄድ ይችላል። የእምነቱን ቃል በአማርኛም ሆነ በሌላ ቋንቋ ከመማሩ በፊት፣ ታላላቆቹ እርስ በርስ ሲነጋገሩ አይቶ ይማራል። አባቱ ይቅርታ ሲጠይቅ፣ እናቱም የተቀየመቻትን እኅት ቀድማ ስትስም ያየ ልጅ ወንጌሉን በዐይኑ አንብቧል።

የምሥረታ በዓል ስማቸው የሚጠራ አገልጋዮች የሚመሰገኑበት ነው። ምንጣፍ ያነጠፉ፣ ጸበል ጸዲቅ ያዘጋጁ፣ ሕዝቡ ሲበተን ቀርተው ሳሕን ያጠቡም በእግዚአብሔር ፊት ስማቸው የታወቀ ነው። የሚመጣውም ዘመን የሚጸናው እንደ እነርሱ ዝቅ ባሉት ነው።

ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ ያገለገለ አምላክ ለካህናቱም ለምእመናኑም የትሕትናን ልብ ያድልልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።