ሳንጎበኛት የኖርንባት ከተማ

(በቀድሞ ተማሪዎች የእራት ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «አሥር ደቂቃ ብቻ፤ ደግሞ ቀለል ያለ ነገር ይሁን» ብለውኛል። እኔም ባለፈው ጥር ከሦስት የዶርም ጓደኞቼ ጋር ሆነን አዲስ አበባን ቅዳሜና እሁድ ስለ መጎብኘታችን ላወራ ተስማማሁ። መጨረሻው ግን ቀለል አላለልኝም፤ ከወዲሁ ይቅርታ።

«አዲስ አበባን ነው የምትጎበኙት?» የሚል ፊት ከዚህ ይታየኛል። እውነት ነው፣ እዚሁ ስድስት ኪሎ ግቢ ዓመታት ኖረናል። ግን ምን አየን? ከዶርም ካፌ፣ ከካፌ ኬኔዲ፣ ከኬኔዲ ዶርም። ከመካከላችን ጂኦግራፊ የሚያጠና አንድ የደብረ ታቦር ልጅ ነበር። ይሄ ነገር አንገበገበውና በ1983 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ መታየት ያለባቸውን ሰባት ቦታዎች በደብተር ወረቀት ዘረዘረ። ከየቦታው ጎን የአውቶቡስ ቁጥሩንና ሂሳቡን ሳይቀር ጽፏል። «ፈተና ሲያልቅ» ተባብለን ነበር። ፈተናው ሳይደርስ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋና ወደ ብላቴ ማሠልጠኛ ሄድን። ወረቀቱ ከደብተሮቼ ጋር ጉለሌ አክስቴ ቤት ቀረ። አምና አክስቴ ሲያርፉ ዕቃ ስናነሳ አገኘሁት።

ለሦስቱ ጓደኞቼ ፎቶ አንስቼ ላክሁላቸው። አንዱ ሐዋሳ፣ አንዱ አዳማ፣ አንዱ አሜሪካ ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው። የቨርጂኒያው ለሁለት ቀን መልስ አልሰጠም፤ በሦስተኛው ቀን «ትኬት ቆርጫለሁ» ብሎ ጻፈ።

ዝርዝሩ የሚጀምረው ከገዛ ግቢያችን ነው። ያ የትም የማያደርስ ደረጃ ትዝ ይላችኋል? ሃንድአውት ይዘን የተቀመጥንበት፣ ስንቱ የተቃጠረበት? ጣሊያን ሲያቆመው እያንዳንዱ እርከን አንድ የፋሺስት ዓመት እንዲቆጥር ብሎ ነው። ከነጻነት በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። አንድም መምህር አልነገረንም አልልም፤ ተነግሮን ሳንሰማ ቀርተን ይሆናል። ሙዚየሙ ውስጥ ደግሞ የንጉሡን መኝታ ቤትና መታጠቢያ ክፍል አየን። አዳሜ «ከእኛ ዶርም ሻወር ይሻላል» አለና አስጎብኚዋን አሳቃት።

ከበሩ ወጣ ብሎ ያለው የየካቲት 12 ሐውልት ለእኛ «ሐውልቱ ጋ ጠብቂኝ» የምንልበት ቦታ ነበር። በዚያ ቀን፣ በ1929 ዓ.ም.፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት አሁን ዩኒቨርሲቲ በሆነው ቤተ መንግሥት ቅጥር ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ የተጨፈጨፈው ሕዝብ ሐውልቱ ላይ ተቀርጿል። ዞር ብለን ፊታቸውን ያየነው ገና አሁን ነው።

ብሔራዊ ሙዚየም ሉሲን አየን፤ እንጦጦ ወጣን። እንጦጦ ላይ የአራታችንም ጉልበት ዕድሜውን ተናገረ፤ ስለዚህ ብዙ አልዘግብም። አምስተኛው «ዶሮ ማነቂያ፣ ጥሬ ሥጋ» ይላል። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል። በግምት ቦታው ላይ ቆምን፤ መንገዱ ሰፊና ያማረ ነው፤ የቱ ጋ እንደቆምን ግን ልንስማማ አልቻልን። የአፍሪካ አዳራሽን እሁድ ጠዋት ከአጥሩ ውጭ ነው ያየነው። ቀድመን ባለማስያዛችን የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል ሳናይ ተመለስን። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ሰባተኛው ለገሃር ነው። ባቡሩ ዛሬ የሚነሳው ከዚያ አይደለም፤ አንበሳው ግን አለ። ጣሊያን ወደ ሮም ወስዶት፣ ከነጻነትም በኋላ ስንት ዓመት ቆይቶ የተመለሰው አንበሳ። ይህንን እያወራሁ ሳለ የቨርጂኒያው ጓደኛችን ሐውልቱ ሥር ቁጭ አለ።

«አልጠፋብኝም» አለ። «ጥዬው ነው የሄድኩት።»

ስለ ማን እንደሚያወራ ወዲያው ገባን። ደርግ ወድቆ ከብላቴ ስንበታተን ሁለቱ አብረው ነበሩ፤ ወደ ሞያሌ። ከያቤሎ አለፍ ብሎ የደብረ ታቦሩን ልጅ ወባ ጣለው። መንገድ ዳር አንዲት እናት ቤት አስገባውና «መኪና ፈልጌ እመጣለሁ» ብሎት ወጣ። መኪናው ተገኘ፤ የማይቆም መኪና ነበር። ዘሎ ተሳፈረ። ከዚያ ኬንያ፣ ከዚያ አሜሪካ። ለእኛ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ «በግርግር ተለያየን» ነበር የሚለን። ለእናቱም የጻፈላቸው ይህንኑ ነው።

የሐዋሳው ጓደኛችን መንገዱን ተሻግሮ ሄደ። ቆይቶ ተመለሰና «ቤቱ ከመንገዱ በስተቀኝ ነው በስተግራ?» ብቻ ብሎ ጠየቀው። እኔ በበኩሌ ተናድጄ እስከ ማታ አላናገርኩትም። «እኔስ ብሆን?» ብዬ ራሴን የጠየቅሁት ባሕር ዳር ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።

እናቱ አርፈዋል። እህቱ ግን አሉ፤ በሳምንቱ ደብረ ታቦር ሄዶ ራሱ ነገራቸው። ምን እንዳሉት የእሱና የእሳቸው ነው። ስሙን በመድረክ እንዳልጠራ የጠየቁኝ እሳቸው ናቸው፤ ፎቶውን ግን ሰጥተውናል። ጓደኛችንም ይህንን እንዳወራ ፈቅዶልኝ አራተኛው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል።

ፎቶው የመመዝገቢያው ጠረጴዛ ላይ፣ ከዝርዝሩ ጎን አለ። በ1983 ግንቦትና ሰኔ በያቤሎና ሞያሌ መንገድ ያለፋችሁ እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እባካችሁ ሳትሄዱ እዩልኝ። የሐዋሳው ጓደኛችን በሚመጣው ወር መኪናውን ይዞ ወደዚያ ይወርዳል፤ እኛም እንከተላለን። አንድ ወንበር ባዶ አለን፤ መንገዱን የሚያስታውስ ሰው እንፈልጋለን።